ጫፉ ላይ የሚይዘው ሞተር

አንድ መካኒክ ነበረ። የጭነት መኪና ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሯል። ጋራዡ ከአዳማ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሌላ ቦታ ተሠርቶ እንደገና የሞተባቸውን ሞተር የያዙ ሾፌሮች መጨረሻ ላይ የሚመጡት ወደ እሱ ነበር። በሥራው አንድ ሕግ ነበረው። ሞተሩ ተገጥሞ ሲያልቅ፣ ከመነሣቱ በፊት በእጁ ያዞረዋል። ዙሩን ሳይጨርስ አንድ ቦታ ላይ ከያዘው፣ «የሚይዝ ሞተር ከዚህ ግቢ አይወጣም» ይልና ከመጀመሪያው ያስፈታዋል። ሠራተኞቹ በዚህ ነገሩ ያሙት ነበር። ነገር ግን በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እሱ ሠርቶት መንገድ ላይ ተጣብቆ የቀረ አንድም ሞተር የለም። ይህን የሚክድ ሾፌር አላገኘሁም።

የጠየቅከኝ ስለ ልጅህ መሆኑን አልረሳሁም። የምነግርህ ግን ስለዚህ ሰው ነው፤ ታገሠኝ።

መካኒኩ ሱራፌል የሚባል አንድ ልጅ ነበረው። ሱራፌል ሞባይል ይጠግናል። እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ሜዳ፣ ከሩቅ በሬዲዮ የምትነዳ ትንሽ መኪና ያስሮጣል። መኪናዋ አንድ ክንድ አትሞላም። ሞተሯ ግን የእውነት ሞተር ነው፤ ፒስተን አለው፣ ሲሊንደር አለው፣ ካርቡሬተር አለው፣ ከጉሎ ዘይት ጋር የተቀላቀለ ሜታኖል ያቃጥላል። ሁሉም ነገር ተደምሮ የአንድ ሎሚ ያህል ነው። ሲነሣ ጩኸቱ ሦስት ግቢ አልፎ ይሰማል። እናቱ ከውስጥ ሆና «ጆሮዬን በላኸው እኮ፣ አንተ ልጅ» ትለዋለች። አባቱ ደግሞ «ትንኝህ መጣች» ይላል። አንድ ቀን እንኳ ወደ ሜዳው ወጥቶ አላየለትም። ሥራ ነበረበት።

ሱራፌል በሃያ አራት ዓመቱ ኩላሊቱን ታመመ። በስምንተኛው ወር ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ የመካኒኩ ሚስት ዝም አለች። ሲጠይቋት ትመልሳለች። ምግብ ታቀርባለች። ሰው ሲሞት ለቅሶ ትደርሳለች። ከራሷ አንሥታ የምትናገረው ነገር ግን አልነበረም። የልጁ ስልክ በሕመሙ ሰሞን ጠፍቶ ስለነበር ድምፁ የተቀዳበት አልተረፈም። የቀሩት ሁለት ፎቶግራፍ፣ አንድ ጃኬትና አልጋ ሥር የተቀመጠችው መኪና ናቸው።

ሙት ዓመቱ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ቁርስ ላይ፣ ሚስቱ ቀና ብላ አየችው።

«ያችን መኪና አስነሣልኝ» አለች።

«የቷን መኪና?»

«የልጄን። አንድ ጊዜ ብሰማት ይበቃኛል። በሙት ዓመቱ ቀን ጠዋት፣ ሰው ከመምጣቱ በፊት።»

በዓመት ውስጥ የጠየቀችው ነገር ይህ ብቻ ነው። መካኒኩ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣና መኪናዋን ከአልጋ ሥር አወጣት። ሠላሳ ቶን የሚጎትት ሞተር ከሞት ያስነሣ እጅ ይህች አታቅተውም ብሎ አሰበ። በአንድ ዓመት ውስጥ ልቡ ቀለል ሲለው ይህ የመጀመሪያው ነበር።

በሩ ላይ ሲደርስ ሚስቱ ከኋላው ተናገረች። «ሊያስነሣት ሲል በፀጉር ማድረቂያዬ ያሞቃት ነበር። ሶኬቱን ሁለቴ አቃጥሎብኛል።»

«ሞተር ምን ፀጉር አለውና» አለ።

ሊያስቃት ብሎ ነው። አልሳቀችም። እሱም ለምን ያሞቃት እንደነበረ አልጠየቀም።

ጋራዡ ውስጥ ሞተሩን ፈታ። አይዞርም ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ አልተቸገረም፤ ልጁ ከመታመሙ በፊት የቀረ ነዳጅ ውስጡ ደርቋል። ሜታኖሉ ተንኖ የጉሎው ዘይት እንደ ሙጫ ሆኗል፤ ዘንጉ የሚዞርበት የኋላው ኩሽኔታ ዝጓል። ክፍሎቹን አንድ በአንድ እያወጣ በተራቸው ነጭ ጨርቅ ላይ ደረደራቸው። ጣቶቹ ለዚህ ሥራ ወፍራም ስለነበሩ የፒስተኑን ፒን የምትይዘውን ቀጭን ሽቦ በወረንጦ ነው ያወጣት። ለሁለት ቀን በአልኮል ዘፈዘፋቸው። ቡናማው ሙጫ ለቀቀ። የጉሎው ሽታ ወጣ። ሱራፌል እሑድ ማታ ራት ላይ ሲቀመጥ እንዲህ ይሸት ነበር።

ሠራተኞቹ ጭነት መኪኖቹን ትቶ በዚያች ነገር ላይ ሲያጎነብስ ያዩታል። ብዙዎቹ ነገሩ ገብቷቸው ራቅ ብለዋል። ብረት የሚቀርጸውን ቶርኖ ማሽን የሚይዘው ሽማግሌ ግን አላስቻለውም።

«ጋሼ፣ የአይጥ ሞተር መሥራት ጀመርን እንዴ?»

«አይጧ ከሾፌሮቹ ቀድማ ትከፍለኛለች።»

«እንግዲያ እኔም ከድመቷ ጋር ልነጋገር።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሽማግሌው ዞር ብሎ ዓይኑን ጠረገ።

መካኒኩ ኩሽኔታውን ፍለጋ መርካቶ ሄደ። ስምንት ሱቅ አዳረሰ። በስምንተኛው ለኤሌክትሪክ ሞተር የመጣ፣ ልኩ በትክክል የሚገጥም አገኘ። ተመልሶ የሞተሩን አካል በምድጃ አሞቀው። አዲሱ ኩሽኔታ ያለ መዶሻ፣ በራሱ ክብደት ቦታው ገባ። ብረት ሲሞቅ እንደሚሰፋ ይህ ሰው ያውቅ ነበር። ይህን ልብ በል፤ የሚቀጥለውን ያደረገው ባለማወቅ አልነበረም።

ሁሉን ነገር ገጠመ። ጨረሰና እንደ ሕጉ በእጁ አዞረው። ፒስተኑ ከታች ተነሥቶ በቀላሉ ወጣ፤ ጫፍ ሊደርስ ሲል ያዘ። ገፋ አደረገው፤ አለፈ። እንደገና አዞረው። እዚያው ቦታ፣ ጫፉ ላይ፣ እንደገና ያዘው።

ፈታው። አጠበው። ገጠመው። ያዘው።

ያኔ ፒስተኑን በደንብ አየው። የጭነት መኪና ፒስተን በሲሊንደሩ ውስጥ ልል ነው፤ ክፍተቱን የሚዘጉት ፒስተኑን የሚከቡት የብረት ቀለበቶች ናቸው። ይህኛው ቀለበት የለውም። መካኒኩ «ርካሽ ነገር» አለና አለፈው። የሲሊንደሩን ውስጥ በልኬት መሣሪያ ለካ። ላዩ ከታቹ ይጠብባል፤ ልዩነቱ ከፀጉር ስንጥቅ ያነሰ ነው። «ታቹ ተበልቷል» ብሎ ፈረደ። ከዚያ በአጉሊ መነጽር ግድግዳውን መረመረ። የሚያፋትግ ፒስተን ጭረት ይተዋል፤ እዚህ ጭረት አልነበረም። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች እኩል ያበራል። ይህ ማስረጃ ነበር። ሌላ ሰው አምጥቶ ቢያሳየው ኖሮ «ቆይ፣ ይህ ነገር እንዲህ ሆኖ ነው የተሠራው» ይል ነበር። ነገር ግን ሙት ዓመቱ ስድስት ቀን ቀርቶታል፤ በእጁ ያለው ደግሞ የሚይዝ ሞተር ነው። የሚይዝ ሞተር ከዚያ ግቢ ወጥቶ አያውቅም።

በጣም ደቃቅ የሆነውን የብርጭቆ ወረቀት በቀጭን እንጨት ላይ ጠቀለለ። ዘይት ነከረው። ሲሊንደሩን ቶርኖው ላይ አሠረና ሽማግሌውን በዝግታ እንዲያዞርለት ጠየቀው። ጫፉን፣ ጠባቡን ቦታ ብቻ፣ ሞረደ። አውጥቶ ሞከረ፤ ያዘው። መለሰው፤ ሞረደ። ግማሽ ቀን ፈጀ። ሥራው ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ንጹሕ ነበር፤ አንድ ቦታ እንኳ አልተዛነፈም። በመጨረሻ ሲያዞረው ፒስተኑ ከታች እስከ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ የትም ሳይቆም ተንሸራተተ።

ሽማግሌው ተቀብሎ በአንድ ጣቱ አዞረው። «ሐር ሆነ» አለ።

መካኒኩ በዚያ ቀን ቤቱ ገብቶ ምሳውን ጨርሶ በላ። ሚስቱን «ደርሷል» አላት። እሷም «ተመስገን» አለችው።

ነዳጁን የሚያመጣው የሱራፌል ጓደኛ ነበር፤ እሱም እንዲህ ያለች መኪና አለችው፣ እሑድ እሑድ አብረው ያስሮጡ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጋራዡ መጣ። ሞተሩን ተቀብሎ እንደ ልማዱ በአውራ ጣቱ አዞረው። ቆመ። እንደገና አዞረው።

«አባባ፣ ጫፉ ላይ አይዝም እኮ።»

«አዎ። ይይዝ ነበር፤ አስተካከልኩት።»

ጓደኛው ሞተሩን መኪናዋ ላይ ገጠመው። ነዳጅ ሞላ። በትንሿ ካንዴላ ላይ ባትሪውን ሰካ፤ ካንዴላዋ ቀይ ሆነች። ማስነሻ ገመዱን ሳበ። ገመዱ ከድውር ላይ እንደሚፈታ ክር ቀልሎ መጣለት። ሃያ ጊዜ ሳበ። ካርቡሬተሩን አስተካክሎ ሃያ ጊዜ ጨመረ። ከጭስ ማውጫው ያልተቃጠለ ነዳጅ ተንጠባጠበ። አንድ ጊዜ እንኳ አልተኮሰም። መካኒኩ ገመዱን ተቀበለና እጁ እስኪዝል ሳበ።

«ካንዴላው ይሆን?» አለ።

«ካንዴላው ደኅና ነው፣ አባባ።»

«ነዳጁስ?»

«ነዳጁም ደኅና ነው።» ጓደኛው መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «ሲሊንደሩ ከላይ ጠበብ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ቀለበት የለውም፤ ጥበቱ ነው ቀለበቱ። ሲቀዘቅዝ ጫፉ ላይ ይይዛል፣ ልክ ነው፣ መያዝ አለበት። ሲሞቅ ላዩ ይሰፋና ፒስተኑን በልኩ ያሳልፈዋል። አየሩ ተጨምቆ እሳት የሚነሣው እዚያች የያዘችው ቦታ ላይ ነው። ሱራ ከማስነሣቱ በፊት የሚያሞቀው ለዚህ ነበር።»

«በማድረቂያ» አለ መካኒኩ።

«በማድረቂያ።»

«ሌላ ሲሊንደር ይገኛል?»

«ፒስተንና ሲሊንደሩ ጥንድ ሆነው ነው የሚመጡት። የዚህኛው መመረት ካቆመ ስድስት ዓመቱ ነው። ለእኔም ፈልጌ አጥቻለሁ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የእኔን ሞተር አውጥቼ እዚህ ልግጠመው። ድምፁ አንድ ዓይነት ነው። እማማ አያውቁም።»

 «አያውቁም» የሚለው ትክክል እንደሆነ መካኒኩ ያውቃል። ሚስቱ ትሰማለች፤ ታለቅሳለች፤ ምናልባት ከዚያ ወዲያ ትናገራለች። የሚፈልገውም ይህን ነበር።

«አይ» አለ። «የልጄ ነው ብላ ስትሰማው፣ እኔ የእሱ አለመሆኑን እያወቅኩ አብሬያት መቀመጥ አልችልም።»

ጓደኛው ከሄደ በኋላ የሞረደበትን የብርጭቆ ወረቀት ከቆሻሻ ቅርጫት አወጣ። ዘረጋው። ወረቀቱ ላይ በዘይት የራሰ ግራጫ እድፍ ነበር፤ ሞተሩን ያስነሣ የነበረው ብረት ያ ነው። በቀሩት ቀናት ክሮም የሚቀቡ ሁለት ሰዎችን አነጋገረ፤ ሁለቱም በዚህ ልክ መመለስ አይቻልም አሉት። እሱም ራሱ ቢጠይቁት እንደዚያ ነበር የሚመልሰው።

በሙት ዓመቱ ጠዋት ሚስቱን ለብሳ ግቢው ውስጥ ወንበር አውጥታ ተቀምጣ አገኛት። ፊቷን ወደ ሜዳው አዙራለች። ሞተሩን ብቻውን በመዳፉ ይዞ አጠገቧ ቆመ።

«አይነሣም» አለ። «ደኅናውን ሞተር ተቀብዬ እኔ ነኝ የገደልኩት። የያዘውን ቦታ ብልሽት መስሎኝ ሞረድኩት። ማሞቁን ነግረሽኝ ነበር። አልሰማሁሽም።»

ሞተሩን ከእጁ ወሰደችው። ጭኗ ላይ አስቀምጣ በጣቷ አዞረችው።

«አንድ ቀን "እማዬ፣ እስቲ ግፊው" ብሎ አስይዞኝ ነበር» አለች። «ጫፉ ላይ ሲደርስ አቃተኝ። "አየሽ፣ ካንቺ ይበረታል" ብሎ ሳቀብኝ።»

አሁንም አዞረችው። አልያዛትም። እንደገና አዞረችውና እጇን አነሣች።

«ቀሏል» አለች።

መለሰችለት። ወንበሯን ይዛ ወደ ቤት ገባች። ሰው መጣ፤ ጸሎት ተደረገ፤ ምግብ ቀረበ። ላጽናናት ሁሉ እንደሚገባ መለሰች። ከዚያን ቀን በኋላ ግን ከባሏ ምንም ነገር አልጠየቀችም። መካኒኩ አሁንም ይሠራል። አሁንም ሞተር በእጁ ያዞራል፤ ከያዘው ያስፈታዋል። ለጭነት መኪና ሕጉ ትክክል ነው።

አሁን ያንተን እንመልከት። እንዲህ ነው ያልከኝ፦ «ልጄ በነገር ሁሉ ትከራከረኝ ነበር። ምን ልማር፣ ከማን ጋር ልዋል፣ ምን ልልበስ በሚለው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ስንደርስ አልሸነፍም ትል ነበር። ሁለት ዓመት ታግሼ፣ ሳልመታት፣ ሳልሰድባት፣ በምክርና በክልከላ አስተካከልኳት። ዛሬ ምንም ብላት እሺ አባዬ ትላለች። ግን አትስቅም፤ አትጠይቅም፤ ወዳስገባኋት ትምህርት ትሄዳለች፤ ተመልሳ ትቀመጣለች። ምን ጎደለባት? ምን ልጨምርላት?»

የምትጨምርላትን አላውቅም። ሥራህ ንጹሕ እንደነበረ አምናለሁ፤ የእሱም ነበር። በእያንዳንዱ ነገር እስከ አንድ ቦታ ድረስ አብራህ ትመጣ ነበር፤ የምትይዘው እዚያ ላይ ነበር። አንተም ያንን አንድ ቦታ አገኘኸውና እስኪለሰልስ ድረስ ሠራህበት። ቤትህ ሰላም ሆነ። የምትነግረኝ ዝምታ ያ ሰላም ነው።

ልጅ ብረት አይደለችም፣ የተሞረደው ይበቅላል ብዬ ላጽናናህ እችል ነበር። ሲበቅል አላየሁም፤ ያላየሁትን አልነግርህም። ምን ላድርግ ካልከኝ፣ ያ ሰው ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ብቻ ትክክል ነበር፤ እሱን አድርግ። ዛሬ ቤት ስትገባ ሌላ ነገር ሳትሰጣት፣ ሳታባብላት፣ አጠገቧ ቁምና «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» በላት። ሞተሩ በዚህ አልተነሣለትም። ላንተም ላይነሣ ይችላል። እሺ አባዬ ብትልህ እንኳ፣ ተናግረህ ውጣ።